ስታቲስቲክስ ሒሳብ ነውን?

ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ጓደኞቼ ጋር በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስንጫወት ያልታሰበ ክርክር ተነሣ። የክርክሩ መነሻ የአንደኛው ጓደኛችን ታናሽ ወንድም ነበር። ልጁ የዩኒቨርሲቲውን አንደኛ ዓመት ፈጽሞ የሚማርበትን ክፍል የሚመርጥበት ጊዜ ደርሶበት ኖሮ፣ «ሒሳብ ልማር ወይስ ስታቲስቲክስ?» ብሎ ምክር ሊጠይቀን መጥቷል። ገና ጥያቄውን ሳይጨርስ፣ በሒሳብ የተመረቀው ባልንጀራችን ስኒውን አስቀመጠና፣ «ሒሳብ የምትችል ከሆነ ሒሳብ ተማር፤ የማትችል ከሆነ ዶሮ ቁጠር» አለው። ሁላችንም ሳቅን። ልጁ ግን አልሳቀም።

ከመካከላችን አንዱ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነበርና ነገሩ ከነከነው። «እናንተ እኮ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የምትሉ ሰዎች ናችሁ። እኛ የምድሩን ላም እንቆጥራለን» ሲል መለሰ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ እየጋለ ሄደ። አንዱ ሲያነሣ ሌላው ሲጥል፣ አንዱ የሊቃውንት ስም ሲጠራ ሌላው ሲያጣጥል፣ ሻዩም ቀዘቀዘ፣ ጊዜውም መሸ። ነገሩ ሳይቋጭ ተለያየን። ልጁም ምክር ሳያገኝ ወደ ቤቱ ሄደ።

ውድ አንባቢዬ፤ እኔም የሒሳብ ምሩቅ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ የዶሮውን ቀልድ የምናገረው እኔው ራሴ ነበርሁ። ዛሬ ግን አፌ አይፈታልኝም፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ እገልጻለሁ። ጥያቄው የሻይ ቤት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ግን ከአሁኑ ላስታውቅ። ተማሪ የዕድሜውን ሥራ የሚመርጠው እንዲህ ባለው ቀልድ ተገፍቶ ነው። በየጽሕፈት ቤቱ አዲስ የተመደበውም ወጣት ሹም በየሳምንቱ አንድ የአሐዝ ሠንጠረዥ እየቀረበለት ይፈርማል። ያ ሠንጠረዥ እንደ ሒሳብ ማረጋገጫ የማይነቃነቅ እውነት ነውን? ወይስ ሌላ ዓይነት ነገር ነው? ይህን ሳያውቅ የሚፈርም ሰው በማን ላይ እንደሚፈርም አያውቅም።

የከሳሾቹ ቃል

ከሁሉ አስቀድሞ ስታቲስቲክስን ከሒሳብ ቤት የሚያስወጡትን ሰዎች ቃል በቅንነት እንስማ። የሚሉት ከንቱ ነገር አይደለምና።

ሒሳብ ማለት በመሠረቱ ማረጋገጫ ነው። ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት ኤውክሊድ የተባለው የግሪክ ሊቅ፣ ከራሳቸውና ከአንድ በቀር በሌላ የማይካፈሉት ቁጥሮች መጨረሻ እንደሌላቸው በጥቂት መስመር አስረዳ። ያ ማረጋገጫ እስከ ዛሬ አላረጀም፤ አዲስ ምርምር አላሻሻለውም፤ በአቴና እውነት ሆኖ በጎንደር ሐሰት አልሆነም። አንድ ጊዜ የተረጋገጠ ለዘለዓለም ተረጋገጠ።

ስታቲስቲክስ ግን እንዲህ አይናገርም። «ከመቶ ዘጠና አምስት ጊዜ እንዲህ በማለት አንሳሳትም» ይላል። ዛሬ ያወጣውን አሐዝ ነገ በሌላ ናሙና ያሻሽለዋል። እንኳን ስለ ዘለዓለም፣ ስለሚቀጥለው ዓመትም እየፈራ ነው የሚናገረው። በዚህም ላይ በብዙ ቦታ ትምህርቱ የሚሰጠው እንደ ወጥ አሠራር ነው። ይህን ደምር፣ በዚያ አካፍል፣ ከሠንጠረዡ ላይ አንብብ፣ ውጤቱን ጻፍ ይባላል፤ ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ ማንም አይጠይቅም። የሒሳብ ሰው ይህን ሲያይ «ማረጋገጫው የት አለ?» ብሎ ቢያፌዝ አይፈረድበትም። ነገር ግን የዚህኛው ጥፋት የአስተማሪው ነው ወይስ የትምህርቱ? ይህን ለማወቅ የስታቲስቲክስን ትውልድ መመርመር ያስፈልጋል።

አባትና እናቱ

(ከዚህ በታች የማነሣቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስታቲስቲክስ ከሁለት ወገን ይወለዳል። አንደኛው ወገን የመንግሥት መዝገብ ነው። ስሙም ራሱ «መንግሥት» ከሚለው የአውሮፓ ቃል የመጣ ነው። በ1662 ጆን ግራውንት የተባለ የለንደን የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ በከተማው በየሳምንቱ የሚወጣውን የሟቾች ዝርዝር ሰብስቦ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሰው ሁሉ እያነበበ የሚጥለውን ወረቀት እርሱ ዓመት ከዓመት እያነጻጸረ፣ የሚወለዱት ወንዶች ከሴቶቹ በጥቂት እንደሚበልጡና ይህም በየዓመቱ ሳይዛነፍ እንደሚመላለስ አሳየ። ግራውንት ከሱቅ መደመርና መቀነስ የሚያልፍ ሒሳብ አልተጠቀመም። በዚህ ወገን ብቻ ቢሆን የዶሮው ቀልድ እውነት በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ወገን ግን ከቁማር ጠረጴዛ ይመጣል። በ1654 ፓስካልና ፌርማ የተባሉት ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት ስለ አንድ የቁማር ጥያቄ ደብዳቤ ተጻጻፉ። ጥያቄው ይህን ይመስላል። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 32 የወርቅ ገንዘብ አስይዘው፣ አስቀድሞ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ 64ቱን እንዲወስድ ተስማምተው ይጫወታሉ። አንደኛው ሁለት ጊዜ፣ ሌላው አንድ ጊዜ እንዳሸነፉ ጨዋታው ቢቋረጥ ገንዘቡን እንዴት ይካፈሉ?

የፓስካል አስተያየት እንዲህ ነበር። የሚቀጥለውን ጨዋታ አንደኛው ቢያሸንፍ 64ቱ በሙሉ የእርሱ ነው። ቢሸነፍ ሁለቱ እኩል ይሆናሉና 32 ይደርሰዋል። እንግዲያውስ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም 32ቱ ከእጁ አይወጣም። የሚያከራክረው የቀረው 32 ብቻ ስለ ሆነ እርሱን እኩል ይካፈሉት። ስለዚህ ለአንደኛው 48፣ ለሁለተኛው 16 ይደርሳል። አንባቢዬ፣ በዚህ ውስጥ ያለውን ልብ በል። ገና ያልተጫወቱት ጨዋታ በሚዛን ተመዘነ፤ ያልታወቀው ነገር ልክ ተበጀለት። ይህ ያለ ጥርጥር ሒሳብ ነው።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ እየሰፋ ሄደ። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ያዕቆብ በርኑሊ በ1705 ሲሞት ሳይታተም የተወው መጽሐፍ በ1713 ወጣ። በውስጡም ሙከራው በበዛ ቁጥር የምናየው መጠን ወደ እውነተኛው መጠን እየተጠጋ እንደሚሄድ በጥብቅ ማረጋገጫ አስረድቷል። ብዙ ጊዜ መሞከር ይጠቅማል ማለትን ገበሬውም ያውቃል። በርኑሊ የጨመረው ምን ያህል ጊዜ ቢሞከር ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እንደሚቻል ማስላትን ነው።

በ1801 የመጀመሪያው ቀን ደግሞ ጁሴፔ ፒያሲ የተባለ የከዋክብት ተመልካች በሲሲሊ ደሴት ሴሬስ የተባለችውን ትንሽ የሰማይ አካል አገኘ። ጥቂት ሳምንታት ከተከታተላት በኋላ ግን በፀሐይ ብርሃን ተሰውራ ጠፋችበት። ያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት የነበረው ጀርመናዊው ጋውስ፣ ከእነዚያ ጥቂትና ስህተት ካላጣቸው ልኬቶች ተነሥቶ መንገዷን አሰላ። በዓመቱ መጨረሻ ሴሬስ እርሱ ካመለከተበት ስፍራ አጠገብ ተገኘች። ስህተት ያለባቸውን ልኬቶች አስታርቆ ከሁሉ የሚሻለውን ግምት የማውጣቱን ዘዴ ለዣንድር የተባለው ፈረንሳዊ በ1805፣ ጋውስ ራሱ ደግሞ በ1809 አሳትመውታል። ዛሬም ይህ ዘዴ በስታቲስቲክስ ቤት የዕለት እንጀራ ነው። ጋውስን ከሒሳብ ሊቃውንት ማኅበር የሚያስወጣ ማን ነው?

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ሕንፃ ለብዙ ዘመን መሠረቱ በጥብቅ ሳይጣል ነው የቆመው። ዳዊት ሂልበርት የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1900 ለሚመጣው ክፍለ ዘመን ሒሳብ ያልተፈቱ ጥያቄዎችን ሲዘረዝር፣ በስድስተኛው ጥያቄ ውስጥ የዕድል ስሌትን መነሻ ሕጎች የማበጀቱን ነገር አስገብቶት ነበር። በ1933 ሩሲያዊው ኮልሞጎሮቭ በአንዲት ቀጭን መጽሐፍ ይህን ፈጸመ። ከጥቂት መነሻ ሕጎች ተነሥቶ፣ ኤውክሊድ ለጂኦሜትሪ እንዳደረገው፣ የዕድልን ስሌት በሙሉ በማረጋገጫ ላይ አቆመው።

የስታቲስቲክስም ሰዎች ራሳቸው ሒሳብ የሚያስደንቅ ውጤት አፍርተዋል። ለምሳሌ ቻርልስ ስታይን የተባለው አሜሪካዊ በ1956 ያሳየውን እንውሰድ። ሦስት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ፈጽሞ የማይገናኙ መጠኖችን ለክተናል እንበል፤ የልኬቱም ስህተት የታወቀውን የደወል ቅርጽ የሚከተል ይሁን። ለእያንዳንዱ የራሱን አማካይ ከመውሰድ የሚሻል ምን ይኖራል? ስታይን ግን የሦስቱ ስህተት ተደምሮ ሲታይ ምንጊዜም ከዚያ የሚያንስ ስህተት ያለው ሌላ ዘዴ መኖሩን በማረጋገጫ አስረዳ። ለሁለት መጠኖች አይሠራም፤ ከሦስት ጀምሮ ግን ይሠራል። ይህን የሰማ የሒሳብ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ አላምንም ቢል፣ ማረጋገጫውን ባነበበ ጊዜ ግን ዝም ይላል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ በስታቲስቲክስ ላይ የሚያፌዝ ሰው ቢያንስ ይህን ሳያነብ ባያፌዝ ይሻለዋል።

ስምንት ስኒ ሻይ

እንግዲህ ክርክሩ ተፈጸመ፣ ስታቲስቲክስ ሒሳብ ነው ልንል ነውን? እኔ ከዚህ ላይ ለመቆም እፈራለሁ። ለምን እንደምፈራም በእንግሊዝ አገር በተደረገ የሻይ ጨዋታ ላሳይ።

ሮናልድ ፊሸር በ1919 ሮትሃምስቴድ በተባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በዚያ ሳለ አንዲት የሥራ ባልደረባው ከሻዩ በፊት ወተት የተቀዳበትን ስኒና ከሻዩ በኋላ የተቀዳበትን በጣዕም እለያለሁ አለች። ፊሸር በ1935 ባሳተመው ስለ ሙከራ አነዳደፍ በሚናገረው መጽሐፉ ይህን የመሰለውን ነገር ምሳሌ አድርጎ አቀረበው። ስምንት ስኒዎች ይዘጋጁ፤ በአራቱ ወተቱ ይቅደም፣ በአራቱ ሻዩ ይቅደም፤ ቅደም ተከተላቸውም በዕጣ ይሁን። ሴቲቱ ወተቱ የቀደመባቸውን አራቱን ትለይ።

ከስምንት ስኒ አራቱን መምረጫው መንገድ 70 ነው። ምንም ሳታውቅ በግምት ብቻ ብትመርጥ ሁሉንም በትክክል የማግኘቷ ዕድል ከ70 አንድ ነው። አንድ ብቻ ብትስትስ? ሦስቱን አግኝታ አንዱን የምትስትበት መንገድ 16 ነው፤ ሁሉን የምታገኝበት አንድ ሲጨመር 17 ይሆናል። ከ70 አሥራ ሰባት ማለት ከአራት አንድ ገደማ ነውና፣ ያን ያህል ለማግኘት ማንም መንገደኛ ይበቃል። ስለዚህ ሦስት ብታገኝ አናምናትም፤ አራቱንም ብታገኝ ግን ቃሏን ማክበር ይገባናል።

እስከዚህ ድረስ 70 እና 17 የተባሉት ቁጥሮች ንጹሕ ሒሳብ ናቸው፤ ኤውክሊድም ቢነሣ አይከራከራቸውም። ነገር ግን ስኒዎቹ ለምን ስምንት ሆኑ? ስለ ምን ስድስት ወይም ሃያ አልሆኑም? ወተት የቀደመባቸው ስኒዎች ከሌሎቹ የበለጠ ቀዝቅዘው ቢሆንስ? ስኒውን የሚያቀርበው ሰው ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር ቢኖርስ? ከ70 አንድ የሆነ አጋጣሚ ለማመን ይበቃል ያለው ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ የሒሳብ ማረጋገጫ የለም። መልስ የሚሰጣቸው ሻይ መቅዳትን የሚያውቅ፣ ሰውን የሚያውቅ፣ መሳሳት የሚያስከትለውን ጉዳት የሚያመዛዝን አእምሮ ነው። ፊሸር ዕጣ ይውጣ ያለውም ከማናውቀው አድልዎ ሊጠብቀን ነው። ከስኒው እስከ ቁጥሩ ያለው መንገድ አንድ ነገር ነው፤ ከቁጥሩ እስከ ውሳኔው ያለው ሌላ ነገር ነው። ሒሳቡ ያለው ከመካከል ነው።

አሥር ሚሊዮን ደብዳቤ

ይህን የዘነጋ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ ወደ አሜሪካ መሻገር ነው። በ1936 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ፍራንክሊን ሩዝቬልትና አልፍሬድ ላንደን ሲወዳደሩ፣ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የታወቀ መጽሔት አሸናፊውን አስቀድሞ ለመናገር አሥር ሚሊዮን ያህል የመጠይቅ ካርድ በፖስታ ላከ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ የሚሆነውም ተመልሶ መጣለት። በመጽሔቱ ቆጠራ ላንደን በሰፊ ብልጫ ያሸንፋል ተባለ። ምርጫው ሲፈጸም ግን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱም ሁለት ዓመት ሳይቆይ ተዘጋ።

የመደመር ስህተት ተገኝቶ ነበርን? አልነበረም። ጥፋቱ ከመደመሩ በፊት ነበር። መጽሔቱ የሰዎቹን ስም ካሰባሰበባቸው ቦታዎች ዋነኞቹ የስልክና የመኪና መዝገቦች ነበሩ። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን ነው? ድኻው በመዝገቡ አልነበረም። ካርዱ ከደረሳቸውም መካከል መልሰው የላኩት ከዝም ባዮቹ የተለየ አሳብ የነበራቸው ነበሩ። በዚያው ጊዜ ጆርጅ ጋሎፕ ከዚህ እጅግ ያነሰ ናሙና ይዞ አሸናፊውን አውቋል።

የእኛ አገር እናቶች ይህን ነገር ከገበያ ያውቁታል። ጤፍ የምትገዛ ሴት ጆንያው አፍ ላይ ያለውን ነጭ ጤፍ አይታ ብቻ አትገዛም። ክንዷን እስከ ጉልበቱ ድረስ ወደ ጆንያው ሰዳ ከሥሩ ትዘግናለች። ነጋዴው መልካሙን ከላይ እንደሚያደርግ ታውቃለችና። ከላይ አንድ ቁና ቢሰፍሩላት ከሥር የተዘገነችውን አንዲት እፍኝ ያህል አያሳምናትም። የናሙና ትምህርት መጀመሪያው ይህ ነው። ሁለት ሚሊዮን ካርድ የሰበሰበው መጽሔት ከጆንያው አፍ ላይ ሰፈረ።

ዜሮ የተጻፈበት ቅጽ

አሁን ደግሞ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ተመርቄ በወጣሁ ጊዜ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ተመደብሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ አድርገው የሰጡኝም ከየትምህርት ቤቱ የተላከውን መጠይቅ አጠቃልሎ፣ በአንድ ዴስክ ላይ በአማካይ ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥ ማውጣት ነበር። አዲስ ዴስክ የሚታደለው በዚያው ስሌት ላይ ተመሥርቶ ነው። መጠይቁ ከተላከላቸው ከስልሳ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች የመለሱት 23 ነበሩ።

እኔም፣ ይህ ለእኔ ምን ሥራ ነው ብዬ በግማሽ ቀን ጨረስሁት። ከ23ቱ ቅጾች መካከል አንዱ ብቻ አስቸገረኝ። በተማሪዎች ቁጥር ቦታ መቶ ስልሳ የሚሆን ተጽፎበታል፤ በዴስክ ቁጥር ቦታ ግን ዜሮ ነበር። በዜሮ ማካፈል ደግሞ በሒሳብ ሕግ አይፈቀድም። ስለዚህ በቅጹ ራስ ላይ «የማይሠራ» ብዬ ጻፍሁና ለብቻው አስቀመጥሁት። ከቀሩት 22 ቅጾች አማካዩን እስከ ሁለት የነጥብ አሐዝ አውጥቼ በንጹሕ ወረቀት አቀረብሁ። አለቃዬም የነጥቡን አሐዝ አይቶ ደስ አለው፤ «ከተማረ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ይጠበቃል» አለኝ።

ወረቀቱን ወጪ አድርገው እንዲልኩት ወደ መዝገብ ቤት ይዤ ስወርድ፣ በዚያ የሚሠሩት አዛውንት መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና፣ «ልጄ፣ የመለሱልህ እኮ አስፋልት ዳር ያሉት ናቸው። ከወንዙ ወዲያ ካሉት አንድ ብቻ ነው የመጣው፤ እርሱንም መምህሩ በእግሩ ተጕዞ ነው ያመጣው። የእርሱ የት ገባ?» አሉኝ።

የት እንደ ገባ አውቃለሁ። የማይሠራ ብዬ የጣልሁት እርሱ ነበር።

በዚያች ሰዓት የተሰማኝን እፍረት ለመግለጽ አልችልም። ከሁሉ ይልቅ ዴስክ የሚያስፈልገው ትምህርት ቤት፣ ዴስክ ስለሌለው ብቻ ከስሌቱ ወጣ። ያን ያደረግሁትም የሒሳብን ሕግ ጥሼ አይደለም፤ የሒሳብን ሕግ አክብሬ ነው። በስሌቴ ውስጥ አንድ ስህተት አልነበረም። መቶ ስልሳ ልጆች ግን በድንጋይ ላይ ተቀምጠው በወረቀቴ ላይ አልነበሩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

ወረቀቱን መልሼ ይዤ ወጣሁ። በአማካዩ ፈንታ ስንቱ ትምህርት ቤት እንደ መለሰ፣ ያልመለሱት በየትኛው በኩል እንደሚገኙ፣ ዴስክ ጨርሶ የሌለውም ትምህርት ቤት በስሙ ለብቻው ተጽፎ አዲስ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። አለቃዬ የፊተኛው ያምር ነበር አለ፤ ቢሆንም ጥቂት ካሰበ በኋላ ፈረመበት። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዶሮ ቆጠራ መቀለድ ተውሁ።

በጠረጴዛችን ላይ ያለው አሐዝ

ይህ የአንድ መሥሪያ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። በአገራችን ጠቅላላ የሕዝብ ቆጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተደርጓል። በመጀመሪያው ቆጠራ ጊዜ በጸጥታ ጉድለት ምክንያት ቆጣሪ ሊደርስባቸው ያልቻለ ስፍራዎች ስለ ነበሩ፣ የዚያ ሕዝብ ብዛት በግምት ነበር የተሞላው። በሦስተኛው ቆጠራ የተገኘው ሕዝብ ወደ 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ነበር። አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. እንዲራዘም ተወሰነ። ስለዚህ ከ1999 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ብዙ ዓመታት በየጽሕፈት ቤቱ ለትምህርት ቤት፣ ለክትባት፣ ለውኃ ሥራ ዕቅድ ሲያገለግል የቆየው የሕዝብ ብዛት አንድ በአንድ የተቆጠረ ሳይሆን፣ ስለ ልደት፣ ስለ ሞትና ስለ ፍልሰት ከተወሰደ አሳብ በመነሣት የተሰላ ትንበያ ነው።

ስሌቱ ሒሳብ ነው፤ በደንብም የተሠራ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሒሳቡ ሊያረጋግጥልን የሚችለው «መነሻው አሳብ እውነት ከሆነ ይህ ይከተላል» የሚለውን ብቻ ነው። መነሻው እውነት ስለ መሆኑ ሒሳብ ዋስ አይሆንም። ይህን የማይለይ ሹም አሐዙ በረዘመ ቁጥር እውነቱ የጨመረ ይመስለዋል።

ፍርዱ

እንግዲህ የሻይ ቤቱን ክርክር በበኩሌ እንዲህ እቋጨዋለሁ። ከአሐዙ እስከ መደምደሚያው ባለው መንገድ ስታቲስቲክስ እውነተኛ ሒሳብ ነው፤ ከፓስካል እስከ ኮልሞጎሮቭ ያሉት ሊቃውንት የሠሩት ሥራ ከማንኛውም የሒሳብ ክፍል አያንስም። ከምድሪቱ እስከ አሐዙ ባለው መንገድ ግን ሒሳብ አይደለም፤ ሒሳብም ለመሆን አይችልም። ያ መንገድ ማስተዋልን፣ አገርን ማወቅን፣ ታማኝነትንና በእግር መሄድን ይጠይቃል። ስታቲስቲክስ የሚባለው ሁለቱ መንገዶች በአንድነት ናቸው።

ይህን ከእኔ በፊት ያሉ ሰዎች ደርሰውበታል። ጆን ቱኪ የተባለው አሜሪካዊ በ1939 በፕሪንስተን ዶክተርነቱን የተቀበለው ከንጹሕ ሒሳብ ክፍሎች አንዱ በሆነው በቶፖሎጂ ነበር። ይኸው ሰው በ1962 ባወጣው ረጅም ጽሑፍ፣ መረጃን የመመርመር ሥራ በሒሳብ ቅርንጫፍነት ብቻ ሊወሰን የማይገባው፣ ራሱን የቻለ ሳይንስ ነው ሲል ተከራከረ። ሒሳብ ያቃተው ሰው ማመካኛ እንዳይባል፣ የተናገረው ሒሳብን ከምንጩ የጠጣ ሰው ነው።

ስለዚህ ይህ ትምህርት ሒሳብ ብቻ አይደለም ማለት ከክብሩ ማውረድ አይደለም፤ ሸክሙን መናገር ነው እንጂ። የሒሳብ ሰው ማረጋገጫውን ከፈጸመ በኋላ በሰላም ይተኛል። የስታቲስቲክስ ሰው ግን ማረጋገጫውን ከፈጸመ በኋላም «ያልመለሱት እነማን ናቸው?» እያለ ያድራል።

ለወጣቶች ሹማምንት ወንድሞቼና እኅቶቼ የምለው አጭር ነው። ሠንጠረዥ ሲቀርብላችሁ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የተቆጠሩት እነማን ናቸው? ሳይቆጠሩ የቀሩትስ? «የማይሠራ» ተብሎ የተጣለ ቅጽ አለን? ይህን ለመጠየቅ የሒሳብ ዲግሪ አያስፈልግም፤ የሒሳብ ዲግሪም ይህን ከመጠየቅ አያድንም።

ያንንም ልጅ በማግስቱ ፈልጌ አገኘሁትና የምችለውን ነገርሁት። ስታቲስቲክስ ከመረጥህ ከማረጋገጫ አትሽሽ፤ ዘዴውን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚሠራ ካልተማርህ ጓደኛችን ያፌዘብህ በእውነት ነው አልሁት። ሒሳብ ከመረጥህ ደግሞ አንድ ቀን ቅጽ ይዘህ ከአስፋልቱ ወጥተህ ሂድ አልሁት። ልጁም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ታዲያ ዶሮ መቁጠር ነው የሚሉት ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ወደ ቆጥ የገባችውን ዶሮ መቁጠር ለማንም ቀላል ስለ ሆነ ነው» አልሁት። «አስቸጋሪው ውጭ ያደረችውን መቁጠር ነው።»